ወፎቹን ያባረረ ማን ነው?

ማርች 8፣ ቅዳሜ

ደረስኩ። ባሕሩ ሦስት ጊዜ አንስቶ ሦስት ጊዜ አፈረጠኝና ቁርሴን ለዓሣ ሰጠሁ። በትንሽ ጀልባው ሊቀበለኝ የመጣው የአክስቴ ጎረቤት አርንፊን፣ መሪውን በአንድ እጁ እንደያዘ «ጥሩ ጀመርሽ፣ ቱሪድ። ትምህርቱ እኮ ይኸው ነው፤ ማን ማንን ይመግባል» አለኝ። ፊቴን አዞርኩበት። ክፍሌ ገብቼ ሻንጣዬን ስፈታ ግን ብቻዬን ሳቅኩ።

«ውድ አንባቢ» ልል ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት በየሳምንቱ መጽሔት ላይ «ውድ አንባቢ» ያለ እጅ አመሉን አይተውም። ይህን ደብተር ማንም አያነበውምና እንደልቤ ልናገር። አዘጋጃችን የሰሜኑን ባሕር ሕይወት ለጀማሪ የሚያስተዋውቅ ስምንት ክፍል ጽሑፍ ፈለገች። ለምን እኔ ብላት «አንቺ ከጻፍሽው ሰው ያነበዋል» አለች። እኔ የማውቀው ማን ከማን ተጋባ፣ ማን ከማን ተኳረፈ ነው። ስለ ባሕር የማውቀው በቀለጠ ቅቤና በድንች እንደሚቀርብ ብቻ ነው። ስኮርቫ ደሴት ትምህርት ቤት ውስጥ ሄርዲስ የምትባል የባሕር ሕይወት አጥኚ በየቅዳሜው ለሠፈሩ ሰው ታስተምራለች አሉኝ። ስምንት ቅዳሜ ነው። አርንፊንም የሚኖረው እዚያው ስኮርቫ ነው። ማደሪያዬ ከስኮርቫ በጀልባ ሩብ ሰዓት የምትርቀው የአክስቴ የኦሌአ ደሴት ናት፤ አንድ መኖሪያ ቤት፣ አንድ የጀልባ ቤት፣ ስልሳ የወፍ ቤት።

ወፎቹ ስንል የባሕር ዳክዬዎቹን ነው። በየጸደዩ ከባሕር ወጥተው በሠራንላቸው የእንጨት ጎጆ ይታቀፋሉ፤ ጫጩቶቻቸውን ይዘው ሲሄዱ ብርድ ልብስ የሚሞላውን የደረታቸውን ላባ ይተዉልናል። ከአክስቴ አያት ጀምሮ እንዲህ ነው። በእናታቸው ጊዜ ሦስት መቶ ወፍ ነበረ። ካቻምና አሥራ አንድ። ዓምና አንድም።

አክስቴ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ባለፈው ወር በረዶ አንሸራቷቸው ቀኝ እጃቸው ተሰብሯል። እራት ላይ ዓሣውን እየቆረጥኩላቸው ሳለ፣ የአየር ሁኔታ የሚያወሩ ያህል ረጋ ብለው እንዲህ አሉኝ።

«ዘንድሮም አንዲት ካልተቀመጠች፣ ጎጆዎቹን በጁን ለሚለኮሰው የቅዱስ ዮሐንስ ዕለት እሳት እሰጣለሁ። እኔም ወደ ዋናው ምድር እሻገራለሁ። በአረጋውያን መኖሪያው መስኮት ያለው ክፍል ይዘውልኛል።»

«መስኮቱ ወደ ምን ያያል?» አልኩ።

«ወደ መኪና ማቆሚያ።»

ዓምና ሜይ ላይ አንድ ሳምንት እዚህ ነበርኩ። ስለዚያ ዛሬ አልጽፍም።

ማርች 15፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያው ትምህርት። አሥራ አንድ ተማሪ፤ ዘጠኙ ሕይወታቸውን ሙሉ ዓሣ ያጠመዱ፣ አንዷ የሱቋ ባለቤት፣ አንዷ እኔ። ሄርዲስ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ፀጉሯ በጨው ደርቆ እንደ ገመድ ቆሟል፤ ስታስተምር ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች።

«ባሕሩ በጨለማው ክረምት የሞተ ይመስላችኋል። አልሞተም፤ ብርሃን እየጠበቀ ነው። ፀሐይ ስትመለስ በዓይን የማይታዩ ተክሎች በአንዴ ይፈላሉ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ውሃው የአተር ሾርባ ይመስላል። እነሱን የሩዝ ፍሬ የሚያክል እንስሳ ይበላቸዋል። እሱን ትንሽ ዓሣ፣ ትንሹን ትልቁ፣ ትልቁን...»

«እኔ» አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ።

እጄን አወጣሁ። «ይኼ እኮ ሠፈር ነው! ማን ከማን ቤት ይበላል፣ ማን ማንን ደጅ ያስጠናል...»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሄርዲስ ግን አልሳቀችም። ጣቷን ወደ እኔ ቀስራ «ልክ ነሽ፤ ጻፊው። ሥነ ምኅዳር ማለት ማስረጃ ያለው ሐሜት ነው» አለች።

በጀልባው መንገድ ሁሉ ይህን እየደጋገምኩ ተመለስኩ። አርንፊን «ማስረጃ ያለው ሐሜት ከሆነማ አንቺ ትወድቂያለሽ» አለኝ።

ማርች 18

ወገቤ። የባሕር ሣር ከዳርቻው መሰብሰብ፣ ድንጋይ ላይ ማስጣት፣ ማገላበጥ፣ ማራገፍ፣ እንደገና ማስጣት። ለስልሳ ጎጆ ስልሳ ፍራሽ። አክስቴ በደህናው እጃቸው እያመለከቱ ያዛሉ። «በቡጢሽ ጎድጎድ አድርጊው። እንደዚያ አይደለም። የሕፃን አልጋ ነው እንጂ የድንች ጉድጓድ አይደለም።»

ካፖርታቸውንም ሰጡኝ። ቡናማ፣ ከባድ፣ ጎረቤት ደሴት ድረስ የሚሸት። «ከአሁን በኋላ ደጅ ስትወጪ ይኼን ነው። እናቴም እኔም የለበስነው ይኼን ነው። ወፎቹ ፊትሽን አያውቁም፤ ካፖርቱን ነው የሚያውቁት።»

ማርች 22፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሄርዲስ ስለ ባሕሩ ጫካ አስተማረችን። ከሰው ቁመት የሚረዝም፣ ቡናማ፣ ቅጠሉ እንደ ቀበቶ የሚወዛወዝ ጫካ። የዓሣ ጫጩት የሚያድገው፣ ዛጎሉ የሚጣበቀው፣ ሸርጣኑ የሚደበቀው እዚያ ነው። «ጫካው ሠፈሩ ነው፤ ሌላው ሁሉ ተከራይ» አለች፤ ሐሜተኛ እያደረግኳት ነው መሰለኝ።

ከትምህርት በኋላ አርንፊን እሷንም ጭኖ ወደ እኛ ደሴት መጣ። ሄርዲስ በአክስቴ ደጃፍ ካለው የባሕር ሰርጥ ውስጥ ካሜራዋን በገመድ አወረደች፤ ሦስታችን ትንሿን ስክሪን ከበን ቆምን።

ጫካ የለም።

ድንጋይ ብቻ። ራቁቱን፣ ነጣ ያለ ድንጋይ። ድንጋዩን ሁሉ የሸፈኑት አረንጓዴ እሾሃም ኳሶች፤ የባሕር ጃርት። በሺህ የሚቆጠሩ፣ ጎን ለጎን፣ ሰርግ ላይ እንደተቀመጠ ዘመድ አንዱ ካንዱ ተጣብቆ። ጫካውን ከሥሩ በልተው ጨርሰውታል። እነሱን የሚበላ ትልቅ ዓሣ ሲያንስ እነሱ በዙ፤ እነሱ ሲበዙ ጫካው አለቀ።

አርንፊን ኮፍያውን አወለቀ። «ልጅ ሆኜ እዚህ ጋ መቅዘፊያዬ በቅጠል እየተያዘ አስቸግሮኝ ነበር» አለ።

ለአክስቴ ነገርኳቸው። «ድንጋይማ ሁልጊዜም ነበረ» አሉና ወደ ሹራባቸው ተመለሱ። በተሰበረ እጅ ሹራብ ይሠራሉ። አልቻልኳቸውም።

ማርች 29፣ ቅዳሜ

ይህን ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ሄርዲስ ዛሬ እንዲህ አለች። «እናቲቱ ዳክዬ ስትታቀፍ ሃያ አምስት ቀን ምንም አትበላም። ውሃ ለመጠጣት ካልሆነ አትነሳም። ስለዚህ ከመቀመጧ በፊት መወፈር አለባት። የምትወፍረው ደግሞ ጎጆዋ አጠገብ ካለው ውሃ ነው፤ ከዛጎል፣ ከሸርጣን፣ ከትንንሽ የባሕር ጃርት። ትልልቆቹና የተራቡት ጃርቶች ባዶ እሾህ ናቸው፤ አይጠቅሟትም።»

ሃያ አምስት ቀን ልትጾም የመጣች ሴት ባዶ ጓዳ ያለበት ቤት አትገባም ማለት ነው።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር ነበር የማስበው። ግን ሄርዲስ የዓምናውን አታውቅም። ብታውቅ ምን ትል ነበር?

ስንወጣ «ሰርጡን እናጽዳው» አለች። «ጃርቶቹን እየሰበርን። የተሰበረው ለዓሣና ለወፍ ምግብ ይሆናል፤ ድንጋዩ ሲለቀቅ ጫካው ራሱ ይመለሳል። በሌላ ቦታ ሠርቷል። እዚህ ይሠራ እንደሆነ አላውቅም።»

አክስቴን ማን ይጠይቅ? ሄርዲስም አርንፊንም እኔን አዩኝ።

«መዶሻ?» አሉ አክስቴ። «በወፎቼ ደጅ? መዶሻ?»

«አክስቴ፣ ውሃ ውስጥ እኮ ነው...»

«ወፎቹስ የት ያሉ ይመስልሻል፣ ቤተ ክርስቲያን?»

ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። በመጨረሻ ቀኑን ቆረጡ። እስከ ኤፕሪል 12። ከዚያ ቀን በኋላ መዶሻ የለም፣ ቀለም መቀባት የለም፣ ልብስ ማስጣት የለም፣ ሳቅ የለም። የዝምታው ወራት ይገባል። «ሳቅ» ሲሉ እኔን ያዩኝ መሰለኝ። ምናልባት አላዩኝም።

ኤፕሪል 2

ሰባት መቶ አርባ ጃርት። ጓንቴ ተበሳ። ሸተትኩ።

ኤፕሪል 4

ሺህ ሁለት መቶ። ሄርዲስና ሁለት ተማሪዎች ጠልቀው ይሰብራሉ፤ እኔና አርንፊን ውሃው ሲሸሽ ዳር ዳሩን። የሱን ትርፍ የጎማ ሱሪ ለብሼ፤ እስከ ብብቴ ይደርሳል። ወደቅሁ። አነሳኝ። እንደገና ወደቅሁ። ሁለተኛው ሆን ተብሎ አልነበረም።

ኤፕሪል 5፣ ቅዳሜ

ሱቅ ውስጥ፣ መደርደሪያው ጀርባ ቆሜ የሰማሁት፦

«ያቺ የመጽሔቷ ሴት የአርንፊንን ሱሪ ለብሳ ታየች አሉ።»

«ኧረ በሞቴ! እሱስ?»

«እሱ ጢሙን ተላጭቷል።»

ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሳማ ኖሬ፣ ከመደርደሪያ ጀርባ ራሴን ሲያሙኝ ስሰማ ይኸው የመጀመሪያዬ ነው። ለዕውቀት ያህል መዘገብኩት። ጢሙን መላጨቱን ግን አላስተዋልኩም ነበር። ዛሬ አየሁ። እውነት ነው።

ኤፕሪል 12፣ ቅዳሜ

የመጨረሻው ቀን። ጠቅላላ ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ። የሰርጡ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ሄርዲስ ግን ከውሃ ወጥታ ጭንብሏን ስታወልቅ ሳቋ ጆሮዋ ደርሶ ነበር። የተሰበረውን ለመብላት ዓሣው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ግር ብሎ መጣ፤ በእጇ መሃል ያልፍ ነበር አለች። ውሃውም ከትናንት ጀምሮ አረንጓዴ ሆኗል፤ የአተር ሾርባው ደረሰ። ጀልባው ላይ ሆነን ሁላችንም ጮኸን ዘፈንን።

ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አክስቴ በሩ ላይ ቆመው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። አለቀ። ከዚህ በኋላ በሹክሹክታ ነው።

ኤፕሪል 14

እግዚአብሔር ያሳያችሁ። ምን እንዳደረግሁ።

ላስደስታቸው ብዬ ነው። ካፖርቱ በጃርት ጭማቂ ተጨማልቆ፣ ሽታው ራሴን አዙሮኝ፣ እሳቸው ሲተኙ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠብኩት። ውሃውን ሦስት ጊዜ ደፋሁ። ሦስተኛው ላይ ካፖርቱን ሳነሳው ሰማያዊ ነው።

ሰማያዊ! የሰማይ ሰማያዊ፣ ሙሽራ የምትለብሰው ዓይነት። ቡናማው የሃምሳ ዓመት ጭስ፣ ሬንጅና የዓሣ ዘይት ነበር።

አክስቴ ነቅተው መጡና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ረጅም ጊዜ አዩት።

«እናቴ ሰማያዊ ካፖርት ነበረኝ ትል ነበር» አሉ። «ወዴት ደረሰ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።»

ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «ወፎቹ ግን ይኼን አያውቁትም፣ ቱሪድ።»

ዓምናም እኔ፣ ዘንድሮም እኔ።

ኤፕሪል 16

አርንፊን አዳነኝ። አባቱ መረባቸውን የዛፍ ቅርፊት እያፈሉ የሚያቀልሙበት በርሜል የሚያክል የብረት ድስት አለው፤ ስኮርቫ ላይ፣ ከወፎቹ ርቆ። ሙሉ ቀን ቅርፊት አፈላን። ካፖርቱን ነከርነው፣ አወጣነው፣ ነከርነው። እሱ በዱላ ያማስላል፣ እኔ እሳቱን እቆሰቁሳለሁ። ስለ ሟች ሚስቱ ነገረኝ፤ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ስለ ፍቺዬ ነገርኩት። እሱ ሲሰማ አይቸኩልም። ይህ ለጽሑፌ አይጠቅምም፤ እንዲያው ነው የጻፍኩት።

ካፖርቱ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ትንሽ ወደ ቀይ ያደላል። አክስቴ በመስኮቱ ብርሃን አገላብጠው አዩትና «ወፎቹ እንደ እኔ ዓይናቸው ደክሞ ከሆነ ያልፋል» አሉ።

ሄርዲስ በስልክ፦ «ወፏ ለካፖርት ቀለም ይህን ያህል ትጨነቃለች ብዬ አላምንም።» ለአክስቴ አልነገርኳቸውም።

ኤፕሪል 19፣ ቅዳሜ

መጡ!!!

ጠዋት፣ ቁርስ ላይ፣ ከሰርጡ በኩል፦ «አሁኡኡኡ!» የወንዶቹ ድምፅ ነው። በሕይወቴ ሰው እንደዚህ የሚመስል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፤ ጎረቤቷ ካህኑን አገባች ሲሏት «ኧረ ተዪኝ!» የምትል ሴት ቁርጥ። አንዱ «አሁኡኡ» ይላል፣ ሌላው «አሁኡኡ?» ይላል፣ ሦስተኛው ጨምሮበት ያስተላልፋል። የሙያ ባልደረቦቼ ናቸው። ሳቄን ለማፈን ትራስ ነከስኩ።

ሃያ ስድስት ወፍ። ሴቶቹ ቡናማ፣ ዝም ያሉ፣ ሥራ ላይ። ጃርት በሰበርንበት ቦታ ይጠልቃሉ፣ ይወጣሉ፣ ይጠልቃሉ።

አክስቴ በመስኮቱ መጋረጃ ሥር ቆመው ቆጠሩ። ሁለት ጊዜ ቆጠሩ።

ኤፕሪል 26፣ ቅዳሜ

ይበላሉ። አይወጡም። ስልሳ ጎጆ ባዶ።

በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መንገድ፣ ካፖርቱን ለብሼ፣ በዝግታ እየተራመድኩ እዞራለሁ። አክስቴ ያሉኝን በለሆሳስ እላለሁ፦ «ደህና አደራችሁ፣ እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው አይደለም።» ሌላ ሰው መሆኔን ግን እነሱም እኔም እናውቃለን።

ስልኬ ፍራሽ ሥር ነው። ማንኪያ ሲወድቅ ልቤ ይቆማል።

ሜይ 3፣ ቅዳሜ

ስምንተኛው ትምህርት። እኔ ከወፎቹ መራቅ ስላልፈለግሁ፣ ሄርዲስ ድርሻዬን ይዛ ወጥ ቤታችን ድረስ መጣች። አርንፊን አመጣት። ሞተሩን ከሩቅ አጥፍቶ በመቅዘፊያ ነበር የገባው። ትኩስ የዋፍል ቂጣ ከቡናማ አይብ ጋር በላን፤ በሹክሹክታ፣ እንደ ሌቦች።

አክስቴ ሹካቸውን አስቀመጡ። «አንድ ነገር ልናገር። ዓምና ወፎቹን ያባረርኩት እኔ ነኝ።»

ሁላችንም ቀና አልን።

«ቀዩን ብርድ ልብስ። ብል በልቶት ነበር፤ ለአንድ ሰዓት ብቻ ብዬ ገመድ ላይ አሰጣሁት። በሜይ! ነፋስ መጣና እንደ ባንዲራ ተውለበለበ። ሰማንያ ዓመቴ ነበር፤ የሕፃን ሥራ ሠራሁ። ዓመት ሙሉ ለሰው አልተናገርኩም።»

«ኦሌአ፣ እርስዎ አይደሉም» አለ አርንፊን። ጆሮው ቀልቶ ነበር። «እኔ ነኝ። ድንች ላመጣልዎት ስመጣ የሞተሩ ጭስ ማውጫ ተሰብሮ ነበር። እንደ መድፍ እየጮኸ ሰርጡን አቋርጬ ገባሁ። አውቄ ነው፤ በማዕበሉ ላይ መቅዘፍ ስለሰነፍኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው በመቅዘፊያ የምገባው።»

እኔ ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ።

«እኔ ነኝ!» አልኩ፤ ከሹክሹክታ ከፍ ብሎ ወጣ። «ዓምና ወደቡ ላይ ቆሜ በስልክ ሳቅኩ። የምታውቁት ሳቄን። ስኮርቫ ድረስ ተሰማ ብለውኛል። ማግስቱን ወፎቹ አልነበሩም። ለዚህ ነው የመጣሁት። ጽሑፉማ... ጽሑፉን ቤቴ ሆኜ ከመጽሐፍ እጽፈው ነበር።»

ይህን ጮክ ብዬ እስክናገረው ድረስ እኔም አላውቅም ነበር።

ሄርዲስ ሦስታችንን ተራ በተራ አየችን። ከዚያ የአክስቴን ሽርጥ ጫፍ አንስታ አፏ ውስጥ ከተተችና ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች። እንባዋ ወረደ።

«ብርድ ልብስ» አለች ትንፋሿ ሲመለስ። «ጭስ ማውጫ። ሳቅ። እናንተ ሰዎች! ሦስታችሁም ዓመት ሙሉ ደጃችሁን ስትጠብቁ፣ አንዳችሁ ወደ ታች አላያችሁም። ሰርጡ ባዶ ነበር። ካቻምናም ባዶ ነበር። ከሦስት መቶ ወደ አሥራ አንድ የወረዱት በማን ሳቅ ነው?»

ዝም አልን። የዝምታው ወራት ስለሆነ አይደለም።

«ታዲያ መዶሻውን ለምን ቀን ቆረጥኩበት?» አሉ አክስቴ በመጨረሻ።

«እሱንስ እኔም እላለሁ» አለች ሄርዲስ።

አክስቴ ዋፍል ጨመሩላት። ሁለት።

ሜይ 5

ስምንቱ ሳምንት አለቀ። ዛሬ መሄድ ነበረብኝ። ማዕበል አለ። ትንሽ ማዕበል። አርንፊን ሊወስደኝ መጥቶ «በዚህ አየር ሰው አይጫንም» ብሎ ጀልባውን ከወደቡ በላይ ሣሩ ላይ ጎተተ። በእግሩ ቤቱ ሊገባ አይችልምና የጀልባ ቤቱ ውስጥ አደረ።

ሜይ 8

ማዕበሉ ትናንት ቆሟል። ማንም አላነሳውም።

ሜይ 9

ጠዋት አርንፊን ከጀልባ ቤቱ ወጥቶ ወደ ጀልባው ሄደ፤ ከዚያ ግንድ እንደመታው ቆመ። ወደ ኋላ፣ አንድ እርምጃ፣ አንድ እርምጃ እየተመለሰ መስኮታችን ሥር ደረሰ።

«አለች» አለ።

«ማን?»

«ወፏ። ጀልባዬ ውስጥ። የገመዱ ጥቅል ላይ። አንድ እንቁላል አለ።»

ስልሳ ጎጆ አነጠፍኩ። ስልሳ ፍራሽ በቡጢዬ ጎድጎድ አደረግሁ። እሷ የሬንጅ ገመድ መረጠች።

አክስቴ አፋቸውን በሁለት እጅ ያዙ፤ በጄሶ የታሰረውም እጅ ሳይቀር። ደስታ ሲያፍኑት እንደዚህ እንደሚያስነጥስ አላውቅም ነበር። ሲረጋጉ የመጀመሪያ ቃላቸው የሥራ ነበር። «ጀልባው አይነካም። የታቀፈች ወፍ አትነሳም፤ ሕግ ነው። አርንፊን፣ እዚህ ነህ።»

«እዚህ ነኝ» አለ። አላዘነም።

ሜይ 12

ጎጆዎቹ ውስጥም! ሦስተኛው ረድፍ፣ ሁለት። በምሥራቅ በኩል፣ አንድ። ካፖርቱን ለብሼ ስዞር አንዷ ከጎጆዋ ውስጥ ቀና ብላ አየችኝ፤ አልተነሳችም። «እኔ ነኝ» አልኳት። ሌላውን ማለት ረሳሁ።

ሜይ 17

የሕገ መንግሥቱ በዓል። ከስኮርቫ የሙዚቃ ጓድ ድምፅ በነፋሱ ትንሽ ትንሽ ይሰማል። እኛ ባንዲራውን እንዳይውለበለብ ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። ሰልፋችን በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ነበር፤ በካልሲ። አክስቴ መሪ፣ አርንፊን ከበሮ (ጣቱን ጉንጩ ላይ)፣ እኔ ሕዝብ።

ሰባት ወፍ ተቀምጧል።

ሜይ 22

ሄርዲስ በራሷ ጀልባ እየቀዘፈች መጣች። ካሜራዋን አወረደች። ያጸዳንበት ድንጋይ ላይ እንደ ጣት የሚረዝሙ ቡናማ ቡቃያዎች በቅለዋል። ጫካው ገና ሕፃን ነው። በመሃላቸው አንድ የኮድ ዓሣ ጫጩት፣ ራሱን እንደ አከራይ ቆጥሮ።

«ታዲያ በመዶሻው ነው አይደል ወፎቹ የተቀመጡት?» አልኳት።

«አንድ ጸደይ ማስረጃ አይሆንም። በሚቀጥለው ዓመት እናያለን፣ ከዚያም በኋላ ባለው።» ከዚያ ፈገግ አለች። «ሐሜት ከሆነ ግን፣ አዎ።»

ስትሄድ ለአርንፊን «ና፣ ቤትህ ላድርስህ። ሁለት ሳምንት በጀልባ ቤት!» አለችው።

«ወፏን ማን ይጠብቃታል?»

«ኦሌአ አሉ። ቱሪድ አለች።»

«ጀልባው የኔ ነው» አለ። ሄርዲስ እኔን አየችኝ፣ እሱን አየችው፣ ቀዘፈች። እዚህ የሚጻፍ ነገር የለም። ሰው ለንብረቱ ይጠነቀቃል።

አዘጋጃችን ደውላለች። ስምንቱ ክፍል አልቆ ተልኳል፤ ደግሞ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ጠየቀች። የአየሩን ሁኔታ ነገርኳት።

ሜይ 30

አክስቴ ስልክ አነሱ፤ ትራስ ከላያቸው ደፍተው። «ኦሌአ ነኝ። ያንን መስኮት ያለውን ክፍል ለሚያስፈልገው ስጡት።» ትንሽ ሰሙ። «አይ፣ አልታመምኩም። እንግዶች አሉብኝ።»

አሥራ አራት ወፍ። ጎጆዎቹን የሚያቃጥል ማን አባቱ!

ጁን 9፣ ሰኞ

ትናንት ከጀልባው ውስጥ ጩጭ ጩጭ ሰማን። ዛሬ ጠዋት ሦስታችን ከመስኮቱ ጀርባ ትንፋሻችንን ይዘን ተደረደርን። ፀሐይ በዚህ ወቅት ሌሊቱንም አትጠልቅም፤ ባሕሩ እንደ መስታወት ነው።

መጀመሪያ እናቲቱ በጀልባው ጠርዝ ላይ ወጣች። እንቁላሎቿን ጥላ ጨርሳ መታቀፍ ከጀመረች በሃያ ስድስት ቀን ግማሽ ሆናለች፤ ቆዳና ዓይን። ዘወር ብላ አንድ ድምፅ አሰማች፤ ዝቅ ያለ፣ አክስቴ ለወፎቹ የሚያሰሙትን የሚመስል። ጥቁር፣ እርጥብ፣ የጥጥ ኳስ የሚያክል አንዱ ጠርዙ ላይ ወጣና ወደቀ። ሣሩ ላይ ነጠረ። ሁለተኛው። ሦስተኛው። አራተኛው በጭንቅላቱ። አምስተኛው ጠርዙ ላይ ቆሞ ቀረ። ወደ ታች አየ። ወደ ኋላ አየ።

«ዝለል» አሉ አክስቴ በትንፋሻቸው። «ዝለል እንጂ፣ አንተ ፈሪ።»

ዘለለ።

በሰልፍ፣ ድንጋዩን ወርደው ውሃው ውስጥ ገቡ። ቡቃያዎቹ ካሉበት ላይ እናቲቱ ጠለቀች፤ አፏን ሞልታ ወጣች። ሃያ ስድስት ቀን የጾመች ሴት እንዴት እንደምትበላ አየሁ። አለቀስኩ። አርንፊን እጄን ይዞ ነበር፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም።

አክስቴ መስኮቱን ከፍተው ነፋሱን አስገቡ። ሌሎቹ ገና ታቅፈዋልና ሹክሹክታው ይቀጥላል፤ ፊታቸው ግን ይጮህ ነበር። ከጀልባው የላባውን እፍኝ ሰብስበው መጥተው መዳፌ ላይ አኖሩት። ምንም አይመዝንም። ሙቀቱ ብቻ ነው የሚሰማው።

«እንግዲህ ጀልባው ተለቀቀ» አልኩ። አንድ ሰው ማለት ስለነበረበት።

አርንፊን ወጥቶ ጀልባውን ዞረው፣ ሆዱን በጣቱ አንኳኳው፣ ተመለሰ። «ደርቋል። ሬንጅ ሳይቀባ ውሃ ያስገባል።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«እንደ አየሩ።»

ሁለታችንም አክስቴን አየናቸው። እሳቸው ሰማዩን አዩ፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ደመና አልነበረበትም።

«አየሩ መጥፎ ነው» አሉ።